ሲሚንቶውን ለጊዜው አስቀምጡት

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ሲና ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«የድሮ ባቡር ጣቢያዎች ታድሰው የሕዝብ መሰብሰቢያ ሲሆኑ በቪዲዮ አየን። እኛ ጋ ባቡር የለም። ግን ከከተማው ከፍ ብሎ፣ በጣርማበር መንገድ ዳር፣ በጣሊያን ጊዜ ለመንገድ ሥራ የተሠራ የድንጋይ ቤት አለ። አራት ክፍል ነው። ሦስቱ ባዶ ናቸው፣ ጣሪያቸው ያፈሳል። በአራተኛው አንዲት እናት ይኖራሉ። የሰፈሩ ወጣቶች ገንዘብ ማዋጣት ጀምረናል። ንባብ ቤት፣ ቡና መጠጫና የእድር መሰብሰቢያ ልናደርገው ነው። አንድ ሰው 30 ኩንታል ሲሚንቶ ሊሰጠን ቃል ገብቷል። ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስነን ቀለም ብንቀባው ይበቃል? ከየት እንጀምር? ፎቶ ልላክ?»

እሰይ! እኔ የምተዳደረው የድሮ የድንጋይ ቤቶችን በመጠገን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደወልልኝ ግድግዳው ከወደቀ በኋላ ነው። እናንተ ሳይወድቅ ጠየቃችሁ።

አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። ሲሚንቶውን ግድግዳው ላይ እንዳታስነኩት። መጀመሪያ ውሃውን አስቁሙ። ከዚያ ከሦስቱ ክፍሎች አንዱን ብቻ ጠግናችሁ ቡና አፍሉበት። ሌላው ይደርሳል። ምክንያቱን ማወቅ የፈለገ ያንብብ።

ባቡሩን ያነሣችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ከእሱ ልጀምር። ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ እስኪገባ 1909 ሆነ። ዛሬ ለገሃር የምንለው የጣቢያው ሕንፃ ደግሞ በ1922 ተመረቀ። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ «ላ ጋር» ጣቢያው ማለት ነው። የአዲስ አበባ ሰው አፉ እንደመራው ለገሃር አደረገው። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ለገሃርን የሚያስታውስ የድሮ ሰው ስለ ትኬት መስኮቱ አያወራችሁም። ስለ ቡፌ ደላጋር ነው የሚያወራው፤ ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ጭፈራው። አዋሽም እንደዚያው ነው። የአዋሽ ጣቢያ ሲነሣ የሚነሣው ቡፌው ነው። ባቡሩ ሲቆም ተሳፋሪው ወርዶ ምሳውን የሚበላበት ቤት። ባቡሩ ከቆመ በኋላም እንግዳ ሲያስተናግድ ቆይቷል።

ጣቢያን የሰው ቦታ ያደረገው ሐዲዱ አይደለም። መጠበቁ ነው። ሰው ሲጠብቅ ይቀመጣል። ሲቀመጥ ይርበዋል። ሲርበው የሚሸጥ ይመጣል። ከዚያ ወሬ ይጀመራል። ይሄ ሁሉ እናንተ ጋ አለ እኮ! ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሳይገዛ ያልፋል? የጣርማበር ጉም ሲወርድ ሾፌሩ ሁሉ መብራቱን አብርቶ ዳር የሚይዘው የት ነው? ቤታችሁ ያለው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ሐዲድ ባለመኖሩ አትቆጩ። አዲሱ የአዋሽ–ኮምቦልቻ ሐዲድም ቢሆን ቆላውን ይዞ በሸዋሮቢት በኩል ነው ያለፈው፤ ዳገቱን አልወጣም።

አንድ ነገር ግን በስብሰባችሁ ላይ መነሣቱ አይቀርም። አንድ አባት ተነሥተው «የጠላትን ቤት ምን ሊያደርግላችሁ ነው የምታድሱት?» ይሏችኋል። እንዳትቆጡ፣ እንዳታጉረመርሙም። ሰሜን ሸዋ ጣሊያንን የሚያውቀው በወሬ አይደለም። ራስ አበበ አረጋይ አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጉበት አገር ነው። በዘረት ዋሻ የተጠለለው ሕዝብ በ1931 ዓ.ም. በመርዝ ጋዝና በጥይት ያለቀበት አገር ነው። የጣርማበር ዋሻም፣ መንገዱም፣ የእናንተ ቤትም የዚያው ዘመን ናቸው። እኔ ብጠየቅ ቤቱ ይቆይ እላለሁ፤ የዘረት ነገር ደግሞ በዚያው ቤት ግድግዳ ላይ፣ በአማርኛ፣ በትልቁ ተጽፎ ይሰቀል። ምን እንደሚጻፍ ሽማግሌውን ጠይቋቸው። ድንጋዩን ማን እንደተሸከመ፣ ማን በግድ እንደተወሰደ፣ እሳቸው ባያውቁ የሚያውቅ ያውቃሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ከኮሚቴው ሁሉ ብርቱው እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

ቤቱን ከማየታችሁ በፊት መሬቱን እዩ። የእናንተ አገር መሬት ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በይዛባና በሾተል አምባ የተንሸራተተውን መሬት፣ የተፈናቀለውን ሰው ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። ስለዚህ ከቤቱ በላይ ያለውን ተዳፋት በእግራችሁ ውጡት። መሬቱ ላይ እንደ ማጭድ የታጠፈ ስንጥቅ አለ? ዛፎቹ ግንዳቸው ከሥር ጎብጦ ወደ ላይ ቀንቷል? አምና ያልነበረ ምንጭ ፈልቋል? ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ አንድም ብር ሳታወጡ ለዞኑ አመልክታችሁ የመሬት ባለሙያ ይምጣላችሁ። የሚሄድ መሬት ላይ ያለ ቤት ታደሰ አልታደሰ መሄዱ አይቀርም።

መሬቱ ደህና ከሆነ የግድግዳውን ስንጥቆች እዩ። ሰው ስንጥቅ ሲያይ ወዲያው መድፈን ይፈልጋል። አትድፈኑ፤ ጠይቁት። እንዴት መሰላችሁ? ትንሽ ጄሶ በውሃ አቡኩና ስንጥቁን አቋርጣችሁ እንደ ፕላስተር ለጥፉበት። ርዝመቱ የእጅ መዳፍ ያህል፣ ውፍረቱ የጣት ግማሽ ቢሆን ይበቃል። ከሥሩ ያለውን አቧራ አስቀድማችሁ ጥረጉ፣ አለዚያ ጄሶው አይዝም። ላዩ ላይ ቀኑን ጻፉበት። ከዚያ ተዉት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው እየሄደ ነው። ክረምቱም በጋውም አልፎ ደህና ከሆነ ስንጥቁ የድሮ ቁስል ነው፣ ድኗል። ክረምቱንም በጋውንም ማየት ያስፈልጋል። በተለይ ከሥሩ መረሬ፣ ጥቁሩ የጭቃ አፈር ካለ፣ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውም አብሮት ይተነፍሳል። የሲኖትራክ ንዝረትም አለ፤ ከመንገዱ ጎን ያለውን ግድግዳ ለብቻ ተከታተሉት።

እንግዲህ ወደ ሲሚንቶው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

ከዓመታት በፊት አንድ የድሮ መጋዘን እንድጠግን ተጠራሁ። ግድግዳው እንደ እናንተ ቤት ነው፤ በውጭ ጥቁር ድንጋይ፣ በውስጥ ጥቁር ድንጋይ፣ መሃሉ ጭቃና ጠጠር። አሠሪዎቹ መገጣጠሚያው በሲሚንቶ እንዲሞላ ፈለጉ። «ጠንካራ ይሁን» አሉ። እኔም ወጣት ነበርኩ፣ እሺ አልኩ። ሥራው ሲያልቅ እንዴት ያምር ነበር! መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ድንጋዩ የተወለወለ። ሁላችንም ፎቶ ተነሣን። በሦስተኛው ክረምት የሰሜኑ ግድግዳ ሆድ አወጣ። እንደ እርጉዝ። ቱንቢ ስንጥልበት ከጫፉ እስከ ሆዱ አንድ ስንዝር ያህል ወጥቷል። ከጥቂት ቀን በኋላ የውጭው ፊት ተዘረገፈ። መሃሉን ሳየው ቡኮ ሆኗል። በእጄ ጨበጥኩት፤ በጣቶቼ መሃል ሾለከ።

ምን ሆኖ ነው? ጥቁር ድንጋይ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል። የሚጠጣውም የሚተነፍሰውም ማያያዣው ነው፤ ጭቃው ወይም ኖራው። በክረምት ትንሽ ይረጥባል፣ በበጋ በዚያው በመገጣጠሚያው በኩል ይደርቃል። ይህን ሲያደርግ ኖሯል፣ ማንንም አላስቸገረም። እኛ ሄደን አፍንጫውን በሲሚንቶ ደፈንነው። ውሃው ግን ከጣሪያና ከመሬት መግባቱን አልተወም። መግቢያ አለው፣ መውጫ የለውም። ጣርማበር ላይ ደግሞ በበጋም ጉም አለ፤ ግድግዳው ለመድረቅ ያለችው ጊዜ ራሷ አጭር ናት።

ስለዚህ ከምንም በፊት ግድግዳችሁ በምን እንደተያያዘ እወቁ። ከመገጣጠሚያው ትንሽ በቢላ ጫፍ ፈልቅቁ። ቡናማ ሆኖ በጣት ከፈረሰ ጭቃ ነው። ነጣ ያለና የሚፈረፈር ከሆነ ሎሚ ጨምቁበት፤ ሽሽሽ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ግራጫና ድርቅ ያለ ከሆነ አንድ ሰው ቀድሟችሁ ሲሚንቶ ነክቶታል። አንድ ቤት ውስጥ ሦስቱንም ልታገኙ ትችላላችሁ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ጭቃ የነበረው በጭቃ፣ ኖራ የነበረው በኖራ ይጠገናል። ጭቃ ሆኖ ዝናብ የሚመታው የውጭ ፊት ከሆነ ላዩን በኖራ መሸፈን ይቻላል። አዲሱ ማያያዣ ከአሮጌው ጠንክሮ መገኘት የለበትም። ይህን ግንበኛ ሁሉ አይቀበለውም፣ ይከራከራችኋል። «ሲሚንቶ እያለ?» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ እንሳሮ ለሚ ላይ ግዙፉ የሲሚንቶ ፋብሪካ በ2017 ተመርቆልናል፤ በጓሯችን እየተመረተ አትንኩት ስንል ሰው ይገርመዋል። እኔም ሲሚንቶ አልጠላም። ለአዲስ ቤት ግሩም ነው።

ኖራ ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። በእኛ አካባቢ «ኖራ» ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ለአሲዳማ መሬት የሚታደለው የእርሻ ኖራ ነው። እሱ የተፈጨ ድንጋይ ነው፣ እሳት አልነካውም። ግድግዳ ላይ ብታደርጉት እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ አይዝም። ለግንብ የሚሆነው የተቃጠለው ኖራ ነው። በአንድ ወረዳ ሰዎች የእርሻውን ኖራ በነፃ አግኝተው ሙሉ ክፍል ለስነውበት አይቻለሁ። በሳምንቱ በመጥረጊያ ጠረጉት። መለያው አሁንም ሎሚ ነው። የእርሻው ኖራ ሎሚ ሲነካው በደንብ ይፈላል። ደህናው፣ አዲሱ የተቃጠለ ኖራ ዝም ይላል ወይም ትንሽ ብቻ ያንሾካሹካል። በከረጢት ተከፍቶ የከረመም ይፈላል፤ እሱም ሞቷል፣ አትግዙት።

ቀለም መሸጫ የሚገኘው የከረጢት ኖራ ውሃ የጠጣ ነው፣ አይሞቅም። ያልጠጣ፣ በድንጋይ መልክ ያለ ካገኛችሁ ግን ውሃ ሲነካው ይንተከተካል። ውሃ ኖራው ላይ አታፍስሱ፤ ኖራውን ቀስ እያላችሁ ውሃው ውስጥ ጨምሩ። ዓይንን ያሳውራል፤ መነጽርና ጓንት ሳይኖር ልጅ እንዳታስጠጉ። የከረጢቱንም ቢሆን በርሜል ውስጥ ዘፍዝፋችሁ፣ ከላዩ አንድ ስንዝር ውሃ ቆሞበት፣ ቢያንስ አንድ ወር አቆዩት። ሲከርም እንደ ቅቤ ይሆናል። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ፣ ሦስት እጅ አሸዋ።

አሸዋው ንጹሕ መሆኑን በሃይላንድ ጠርሙስ እወቁ። ግማሹን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሙሉና በኃይል ነቅንቁት። አሳድሩት። ጠዋት ላይ ከአሸዋው በላይ የተኛውን ደለል በማስመሪያ ለኩ። ከአሥር አንዱን ካለፈ አሸዋው መታጠብ አለበት።

አሮጌውን መገጣጠሚያ ሁለት ጣት ያህል ጠልቃችሁ በእጅ አውጡ። በመዶሻ እየደበደባችሁ አይደለም። በውሃ አርጥቡ፣ ኖራውን ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ሙሉ፣ እርጥብ ጆንያ ስቀሉበት። ጆንያው ቢያንስ ሳምንት እርጥብ ይሁን። ኖራ እንደ ሲሚንቶ በማግስቱ አይጠነክርም። ከአየሩ ጋር ቀስ እያለ ነው የሚግባባው። ለዚህም ነው ጊዜ መምረጥ ያለባችሁ። በክረምት ዝናቡ ያጥበዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ይነክሰዋል፤ ደጋ ላይ ሌሊት የረጠበ ኖራ ውርጭ ከያዘው ጠዋት እንደ ስኳር ይፈርሳል። የእናንተ ጊዜ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። የበልጉን ዝናብ በሸራ ትከላከላላችሁ።

ግን ይሄ ሁሉ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ ጣሪያው።

ቆርቆሮውን ከማንሣታችሁ በፊት ከሥሩ ያለውን እንጨት እዩ። ጽድ ከሆነ እድለኞች ናችሁ። ጽድ እንዲህ በቀላሉ አይበሰብስም። ሚስማር ይዛችሁ በየአንድ ክንዱ ውጉት። ሚስማሩ ጫፉ ብቻ ከገባ እንጨቱ ደህና ነው። እስከ አንገቱ ከሰመጠ ያ ቦታ ሞቷል። የሚበሰብሰው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ላይ የተኛው ጫፍ ብቻ ነው። ያን ቆርጣችሁ አዲስ ቀጥሉለት፤ ሙሉውን አውጥታችሁ በእርጥብ ባሕር ዛፍ አትተኩት። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ቆርቆሮውንም ይዞት ይጣመማል። አዲስ ቆርቆሮ ከገዛችሁ 28 ጌጅ ይሁን። 35 ጌጁ ስስና ርካሽ ነው፣ ግን የጣርማበርን ነፋስ አያውቅም። ወጋግራውን ከግድግዳው ጋር በብረት እሰሩት። ክዳኑ ከግድግዳው ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይውጣ፣ አሸንዳም ይኑረው። ክዳኑ ቆርቆሮ ሳይሆን ግራጫ፣ እንደ ሲሚንቶ ያለ የሞገድ ክዳን ከሆነ ግን አቁሙ። የዚያ ዘመን ክዳን አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። አትስበሩ፣ አትቁረጡ፣ ባለሙያ ጥሩ።

ከዚያ በታች ያለውን ውሃ። መንገዱ በየጊዜው ሲታደስ ከፍ ብሏል፣ ቤቱ ደግሞ ባለበት ነው። ስለዚህ ዛሬ ወለሉ ከመንገዱ ዝቅ ሳይል አይቀርም። በዝናብ ቀን ጃንጥላ ይዛችሁ ሂዱና ውሃው የት እንደሚሄድ ቆማችሁ እዩ። ከማንኛውም መሐንዲስ የበለጠ ይነግራችኋል። ከግድግዳው አንድ ርምጃ ርቃችሁ ቦይ ቆፍሩ፣ ወደ ቁልቁለቱ ይፍሰስ። ከመሠረቱ በታች ግን እንዳትወርዱ። ግድግዳው ላይ የበቀለ ዛፍ ካለ አትንቀሉት፤ ሥሩ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ቆርጣችሁ ጉቶው እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ሥሩን እየለቀማችሁ ቦታውን ሙሉ።

30ው ኩንታልስ? ሰጪውን እንዳታስቀይሙ። ሽንት ቤት ያስፈልጋችኋል አይደል? ከቤቱ ራቅ ብሎ፣ በቁልቁለቱ በኩል፣ ለብቻው ይሠራ፤ ሲሚንቶው እዚያ ይግባ። የውሃ ሮቶ መቀመጫም አለ። ስማቸውን በሩ ላይ መጻፍ ከፈለጉ ሌላ ቦታ ፈልጉላቸው እንጂ።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አላወራም፣ ግን ሳትጨርሱት አትጀምሩ። ቤቱ የማን ነው? በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ተወርሶ የቀበሌ ሆኗል? ወይስ እስከ ዛሬ የመንገድ መሥሪያ ቤት ንብረት ነው? አጣሩ። በቅርስ አዋጁ፣ በቁጥር 209/1992፣ የቅርስ ጥገና ያለ ፈቃድ አይሠራም። ስለዚህ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ቤቱ መመዝገቡን ጠይቁ። ካልተመዘገበ እንዲመዘገብ አመልክቱ። ከባለቤቱ ጋር ደግሞ ዓመቱ የተቆረጠ የመጠቀሚያ ውል ይኑራችሁ። ሲፈርስ ማንም ያልፈለገው ቤት ታድሶ ሲያምር ባለቤቱ ይበዛል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወጣቶቹ አደሱት፣ ሌላ ሰው ተከራየው።

አሁን ወደ እኚያ እናት ልምጣ። ጥያቄያችሁን ሳነብ እሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው ያለፉት። «በአራተኛው አንዲት እናት ይኖራሉ» ብላችሁ ወደ ገንዘቡ ሄዳችሁ። ሦስቱ ክፍሎች ያፈሳሉ፣ አራተኛው ስለማፍሰሱ አልነገራችሁኝም። ለምን አያፈስም? እሳት ስለሚነድበት ነው። በየቀኑ ጭስና ሙቀት እንጨቱን ያደርቀዋል፣ ነቀዝ አይደፍረውም። ቆርቆሮ ሲነሣ ሰው ለምነው ያስመቱታል፣ ጠዋት ይጠርጋሉ። ባለሙያ ብትሉኝ የቤቱ የመጀመሪያ ባለሙያ እሳቸው ናቸው። የት ይሂዱ የሚል ስብሰባ ከጀመራችሁ እኔ ከዚህ ሥራ ወጥቻለሁ። እዚያው ይቆዩ፣ በውሉም ላይ ይጻፍ። ከወደዱ ቁልፉ እሳቸው ጋ ይሁን፣ ቡናውንም እሳቸው ያፍሉ፤ በነፃ ሳይሆን ተከፍሏቸው። ካልወደዱም መብታቸው ነው። ሄዳችሁ ስትጠይቋቸው ስኳርና ቡና ይዛችሁ ሂዱ፤ ኮሚቴው ሁሉ ባንድ ጊዜ አይግባ፣ ሁለት ሰው ይበቃል። መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሚገባ ጠይቋቸው። ያውቁታል።

የትኛውን ክፍል አስቀድሙ ለሚለው፣ ከእሳቸው ክፍል ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ነው የምለው። ሙቀቱ ይደርሰዋል። ግድግዳውን ተከትሎ የድንጋይ መደብ ሥሩበት፣ ላዩን ባና አልብሱት። ፕላስቲክ ወንበር ይሰበራል፣ ይሰረቃል፤ መደብ የትም አይሄድም። ለጊዜው ጠዋት ቆሎና ቡና ይሸጥበት፣ ማታ የ12ኛ ክፍል ተማሪ መብራት ያግኝበት። ሽቦው ግድግዳ ሳይበሳ በቱቦ ላዩን ይሂድ። ሁለተኛው ክፍል ለእድሩ ድንኳንና ብረት ድስት ይሁን። እድሩ ዕቃውን እዚያ ካስቀመጠ ጣሪያ ባፈሰሰ ቁጥር የሚጮህ ባለቤት አገኛችሁ ማለት ነው። ሦስተኛውን ሁለት ዓመት ዝጉት። ምን እንደሚሆን ሰው ሲገባበት ሲወጣበት ራሱ ይነግራችኋል። ሁሉን ባንድ ጊዜ ጨርሰው በሪባን ያስመረቁት ቤት በዓመቱ ሲቆለፍ ስንቱን አይቻለሁ።

የአጠቃቀም ደንቡን ደግሞ ከልስኑ በፊት ጻፉ። መንዝ ጓሳን ታውቁታላችሁ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሣር መሬት ነው፤ አባቶች ለዓመታት እየዘጉ፣ ሕዝቡ ተስማምቶ በቆረጠው ቀን እየከፈቱ ነው ለእኛ ያደረሱት። ከቀኑ በፊት ያጨደ ይቀጣ ነበር። አጥር አልነበረውም። ሰው የሚያውቀው ደንብ ነበረው። እናንተም ቁልፍ ማን ይይዛል፣ ለሰርግ ስንት ይከፈላል፣ ጠላ ይገባል አይገባም፣ ከቡናው ሽያጭ ስንቱ ለጣሪያ ይቀመጣል፣ ይህን አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት። የጠላው ጉዳይ ሁለት ስብሰባ ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ፎቶ ልላክ ብላችኋል። ላኩ። ቤቱን ከሩቅ አንሥታችሁ አምስት ፎቶ ከምትልኩልኝ ይህን ላኩልኝ፦ የሰሜኑን ግድግዳ ከጥግ ሆናችሁ፣ ጉንጫችሁን ከግድግዳው አስጠግታችሁ በርዝመቱ አንሡት፤ ሆድ ካለው እንዲያ ነው የሚታየው። የወጋግራውን ጫፍ፣ ሚስማሩ እንደተሰካ። የፈለቀቃችሁትን ማያያዣ፣ መጠኑ እንዲታወቅ አንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጣችሁ። እና ዝናብ ከጣለ በማግስቱ ጠዋት፣ ወለሉን።